የሃያ ሁለት ዓመት አቧራ

ንጽሕና የሚወድ ሰው አውቃለሁ የምትሉ፣ ጋሽ መጥረጊያን ካላያችሁ ዝም በሉ። ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሌላው ብርድ ልብሱን እየሳበ ሲገላበጥ፣ እሱ ከከተማዋ ዳር ያለችውን የአውሮፕላን ሜዳ ሲጠርግ የኖረ ነው። ሜዳዋ አስፋልት የላትም፤ ሲሚንቶም የላትም፤ አፈርና ጠጠር ብቻ ናት። ግን አውሮፕላን ያርፍባታል! ስድስት ሰው የምትይዝ፣ አፍንጫዋ ላይ አንድ ፕሮፔለር የሚሽከረከርላት ትንሽ አውሮፕላን አለች፤ ማደሪያዋም እዚያው ሜዳው ዳር ያለው የቆርቆሮ መጋዘን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ትልቁ ከተማ ትበራለች፤ ሕመምተኛና ነጋዴ ይዛ ትሄዳለች፣ መድኃኒትና ፖስታ ይዛ ትመለሳለች። እሷ ባትኖር ያለው በጭነት መኪና የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ እሱም ወንዙ ካልሞላ፣ ጎማው ካልፈነዳ፣ ሾፌሩ ካልተኛ።

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ለከተማው ሕዝብ ጋሽ መጥረጊያ ነው፤ እሱም ይህን ስም እንደ ማዕረግ ነው የሚቆጥረው። መጥረጊያውን የሚሠራው ራሱ ነው፤ ደረቅ ጭራሮ መርጦ፣ በሽቦ ጠፍንጎ። "እንኳን አቧራ የሰው ቆዳ ይልጣል" ትላለች ሚስቱ። መጥረግ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከመጋዘኑ ጫፍ ነው፤ ተሳፋሪ የሚቆመው እዚያ ነው፣ እንግዳም የሚያየው እዚያን ነው። ጠጠሩ የታጠበ እስኪመስል ድረስ አቧራውን ጠራርጎ፣ በእጅ ጋሪ ጭኖ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ይደፋዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲደፋ ክምሩ የመጋዘኑን ጣሪያ አልፎ ሄዷል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክንዱን ይዞ ወደዚያ ይወስደውና፣ "ይህን ሁሉ ቆሻሻ ከሜዳዬ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ!" ይላል ደረቱን ነፍቶ። እንግዳውም ምን ይበል፣ "አበጀህ" ብሎ ያልፋል። በሌላ በኩል ያለውን የወንዙን ጫፍ ግን በወር አንዴ ቢጠርገው ነው፤ ሩቅ ነው፣ ጉልበቱንም ያመዋል።

ልጁ ደግሞ የዚያችው አውሮፕላን መካኒክ ናት። እሳት የላሰች ናት፤ ጆሮዋን ሞተሩ ላይ ጣል አድርጋ ምን እንደጎደለው የምትናገር። ከትልቁ ከተማ ተምራ ስትመለስ አባትየው ሳምንት ሙሉ ለመንገደኛው ሁሉ "መሬቱ የእኔ፣ ሰማዩ የልጄ" እያለ ጆሮ አደንቁሯል።

ታዲያ ዘንድሮ ችግር መጣ። አብራሪው ካፒቴን ለመነሣት ለአውሮፕላኗ ሙሉ ጉልበት ሲሰጣት፣ ፕሮፔለሩ ከሥሩ ያለውን ጠጠር ወደ ላይ ይስበዋል። ጠጠሩ የሚሽከረከረውን ጠርዝ ይመታዋል፤ ጠርዙ ይሸረፋል። የምስር ፍሬ ታህላለች የተሸረፈችው ቦታ፤ ይህቺ ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። ፕሮፔለር የሰው ጭንቅላት አይደለም፣ አብጦ አይድንም። ከዚያች ምስር ስንጥቅ ይነሣል፤ ስንጥቁ ሰማይ ላይ ሳሉ ቢሰፋስ? ስለዚህ ልጅት በሞረድ ትሞርደዋለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች፣ ጣቷን እያስኬደች ትፈትሸዋለች። ግን ሲሞርዱት ደግሞ ያልቃል። አንዱ ፕሮፔለር በዚሁ ዓመት ተሞርዶ ተሞርዶ ተጥሏል፤ ሁለተኛውም ብዙ አልቀረውም።

ያላደረገችው ነገር የለም። ከከባድ መኪና አሮጌ ካላማዳሪ ጎማ ቆርጣ የአውሮፕላኗን የጭራ ፊትና ሆድ አለበሰች። ከፊተኛው እግር ኋላ ጠጠር የሚመልስ ወፍራም ጎማ ሰቀለችላት። ካፒቴኑንም፣ "ቆመህ ሞተር አታስጩህ፤ ቀስ ብለህ መንደርደር ጀምርና ጉልበቱን እያሳደግህ ሂድ" አለችው። ካፒቴኑ ሰማት፤ እሷ ስታዝ እምቢ የሚል አልተወለደም። ቢሆንም ፕሮፔለሩ መሸረፉን አልተወም።

ጋሽ መጥረጊያ በበኩሉ ጥፋተኛ ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ ፍየሎቹን ከሰሰ። ቀጥሎ ሜዳውን የሚያቋርጡትን ሽማግሌዎች። ቀጥሎ ነፋሱን። በመጨረሻ "ዐይነ ጥላ ነው፣ ሰው ቀንቶብን ነው" አለ። መፍትሔው ግን ያው አንድ ነበር፤ በቀን አንዴ ይጠርግ የነበረውን ሁለቴ፣ ሁለቴውን ሦስቴ አደረገው። እሱ በጠረገ ቁጥር ፕሮፔለሩ ይብስ ተሸረፈ፤ ፕሮፔለሩ በተሸረፈ ቁጥር እሱ ይብስ ጠረገ። ወገቡ ሊቀጠፍ ደረሰ።

በመጨረሻም ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። በረራው ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ አሥር ጊዜ አስነሥቶ ያያል፤ ፕሮፔለሩ ላይ አንዲት አዲስ ሽርፈት ከተገኘች ሜዳው ይዘጋል፣ አውሮፕላኗና መካኒኳ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራሉ። ምክንያቱም ከታች በአንድ መስመር ተጽፎ ነበር፤ "በሜዳው የንጽሕና ጉድለት።"

ጋሽ መጥረጊያ ክው አለ። ልጁ ሄዳ፣ አውሮፕላኗ ሄዳ፣ ሜዳዋ የፍየል መዋያ ሆና ታየችው። ከሁሉ ግን ያቺ መስመር አንጀቱን ቆረጠችው።

"የንጽሕና ጉድለት? የእኔ ሜዳ? ይህን የጻፈው ሰው ዐይን የለውም እንዴ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥና ውሃ ጠጣ" አለች ሚስቱ።

"አልቀመጥም! አሥራ ሁለት ቀን አለኝ። ሌሊትም ቢሆን እጠርጋለሁ!"

ይህን ጊዜ ልጁ የፕሮፔለሩን መዝገብ ይዛ ገባች። እያንዳንዱ ሽርፈት በየትኛው ቀን እንደተገኘ፣ አውሮፕላኗ በየትኛው ጫፍ እንደተነሣች የሚጻፍበት ደብተር ነው። ሁለት ቀን ስታገላብጠው ሰንብታለች። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ለአባትየው አልጣመውም።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን እንዳትቆጣ።"

"አትቆጣ የሚባል ሰው ተቆጥቶ ያበቃ ነው። ተናገሪ።"

"ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሸርፏል። አሥራ ስምንቱ ከመጋዘኑ ጫፍ ስንነሣ ነው። ነፋሱ ዞሮ ከወንዙ ጫፍ በተነሣንበት ቀን፣ ከአንዱ በቀር፣ ምንም የለም።"

"እና?"

"እናማ የመጋዘኑን ጫፍ ነው በየቀኑ የምትጠርገው። የወንዙን ከስንት አንዴ ነው።"

ሚስትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አንዷስ?" አለ ጋሽ መጥረጊያ፤ ድምፁ ቀጥኗል። "አሥራ ስምንት አልሽ። አሥራ ዘጠነኛዋስ? እሷ ከወንዙ ጫፍ ነች አይደል? አየሽ!"

ልጅት ዐይኗን መሬት ላይ ጣለች። "አሥራ ዘጠነኛዋ፣ ትልልቅ ሰዎች ሊመጡ ነው ተብሎ እስከ ወንዙ ድረስ የጠረግህበት ሳምንት ናት።"

እንግዲህ ጉድ ፈላ! ጋሽ መጥረጊያ ሽንጡን ገትሮ ተነሣ። ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት የለፋ ሰው ጠላት ሆነ ወይ አለ። የወለድኩት ልጅ ናት በደብተር የምትከሰኝ አለ። ድንጋይ በመጥረጊያ ይበዛል የሚል ትምህርት ከሆነ ያስተማሩሽ፣ ያስተማሩሽን ሰዎች ጠርጎ ማውጣት ነበር አለ። ልጅት ደብተሯን ዘግታ ወጣች። ከመጨቃጨቅ ይልቅ የተወችው ያው ስለምታውቀው ነው።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለች ሚስቱ ማንኪያዋን መልሳ እያነሣች። "ወረቀቱ እንኳ ማስረጃ ይዟል።"

ጋሽ መጥረጊያ በሩን ወርውሮት ወጣ። ወዴት ሄደ? ልጁ መሳሳቷን ሊያሳይ ወደ ወንዙ ጫፍ ነዋ! በዚያ በታመመ ጉልበቱ የሜዳውን ርዝመት በሙሉ እያነከሰ ሄደ። ደርሶም በርከክ አለና አንዲት ጠጠር በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋት። ንቅንቅ አላለችም። በጥፍሩ ሞከረ። ጥፍሩ ተሰበረ እንጂ ጠጠሯ አልወጣችም። ተነሥቶ በተረከዙ ረገጣት፤ ደግሞ ሌላዋን፤ ደግሞ ሌላዋን። ሁሉም በደቃቅ አፈር ተይዘው፣ ዝናብ አርሶት ፀሐይ አድርቆት መሬቱ አንድ ቅርፊት ሆኗል። አንዷን ለማውጣት ቢላዋ ማውጣት አስፈለገው።

ወደ መጋዘኑ ጫፍ ተመለሰ። እዚህ ደግሞ መርገጥም አላስፈለገውም፤ ገና ሲራመድ ጠጠሩ ከጫማው ሥር እየተንሸራተተ፣ እየተንከባለለ፣ ካ ካ ካ አለ። ዓመት ከዓመት ሲጠረግ ኖሮ ዘንድሮ ተሟጥጧል፤ በመካከላቸው ቅንጣት አፈር የለም። የሚይዛቸው ነገር የለም። ንጹሕ፣ ልቅም ያለ፣ ለፕሮፔለር የተሰናዳ ጠጠር።

ተቀመጠ። ያ ሁሉ ኩራት ከየት እንደሚጀምር ያውቅ ነበር፤ የት እንደሚያልቅ ግን አያውቅም ነበር። አፈረ። የልጁ ሞረድ ሌት ተቀን ሲፋጭ የኖረው እሱ በሠራው ጥፋት መሆኑን ሲያስብ ልቡ ስንጥቅ አለ፤ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እዚያው ሜዳ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ማንም አላየውም፤ ቢያየውም ግድ አልነበረውም።

ለቅሶው ሲበቃው ግን ዐይኑ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ክምር ላይ አረፈ። ሄደና አንድ እፍኝ ዘገነ። ከኮዳው ውሃ ጠብ አደረገበትና ጨመቀው። ጣቱን ሲከፍት አፈሩ ጭብጥ ብሎ፣ የጣቶቹን ቅርጽ ይዞ ተቀመጠ። ፀሐይ ላይ አደረገው፤ ጥቂት ቆይቶ ሲመለስ ደርቆ ጠንክሯል። ሃያ ሁለት ዓመት "ቆሻሻ" እያለ ያወጣው የሜዳው ሙጫ ነበር!

መጋዘን ገባ። ልጁ ከአውሮፕላኗ ሥር ተጋድማ እግሯ ብቻ ይታያል።

"ያንን ደብተር እንደገና አንብቢልኝ" አለ።

እግሯ ቆም አለ። "ለምን?"

"ልክ ስለሆንሽ ነው። አጥፍቻለሁ፤ ልክ ነሽ። አሁን ውጪና ጋሪውን ያዢልኝ፤ ክምሩን ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን።"

ከሥር ተንፏቃ ወጣች፤ ፊቷ ዘይት፣ እጇ ዘይት። እንዳለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሸሚዙ ተበላሸ። ሰውዬው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እድፍ ምንም አላለም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዘጠኝ ቀን ተዉት። ጋሽ መጥረጊያ ይጭናል፣ ካፒቴኑ ይገፋል፣ ልጅት ትበትናለች። ውሃ ከወንዝ በበርሜል ይመጣል። አፈሩን ጠጠሩ መሐል እንዲገባ ይበትኑና፣ ያርሱትና፣ አሸዋ በተሞላ በርሜል ይዳምጡታል። ይደርቃል፤ እንደገና ይበተናል፤ እንደገና ይዳመጣል። በርሜሉን የሚጎትቱት ትከሻቸው ላይ ገመድ አስረው ነው።

"አውሮፕላን ላብርር ብዬ አምስት ዓመት ተምሬ፣ ይኸው በርሜል እነዳለሁ" አለ ካፒቴኑ ላቡን እየጠረገ።

"ዝም ብለህ ንዳ፤ ይሄኛው ከመሬት ካልተነሣብህ ይበቃል" አለችው ልጅት።

አዛዧ ግን ሌላ ሆና ተገኘች፤ ሚስትየው። ዕድሜዋን ሙሉ የቤቷን ወለልና ግድግዳ ስትመርግ የኖረች ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመችና፣ "ውሃው በዛ! ጭቃ ልታቦኩ ነው እንዴ? ርጥብ ይበል፣ አይፍሰስ!" ብላ ጮኸች። አንድ ዙር ካየች በኋላ ደግሞ ባሏን ጠራችው።

"ለመሆኑ እኔ ቤት ስመርግ አፈሩን አውጥቼ ድንጋዩን ብቻ ስለጥፍ አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ምን ነካህ? አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት!"

ጋሽ መጥረጊያ ገመዱን መልሶ ትከሻው ላይ ጣለ። ልክ ስለሆነች ደግሞ የበለጠ አናደደችው፤ ንዴቱን በርሜሉ ላይ ተወጣው። በርሜሉም ጥሩ ዳመጠ።

በዘጠነኛው ቀን ክምሩ አለቀ። መሬቱ ደርቆ፣ ጠጠሩ እስከ አንገቱ ተቀብሮ፣ ሜዳው አንድ ወጥ ሆነ። የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አለመንካት። ይህ ደግሞ ለጋሽ መጥረጊያ ከጋሪውም ከበርሜሉም ባሰ። ነፋስ ቅጠል ያመጣና መሐል ሜዳ ላይ ይጥላል፤ እሱ ያየዋል። እጁን ይበላዋል። ይነሣል፣ ይቀመጣል። በመጨረሻ በእግሩ ጫፍ እየረገጠ ሄዶ በሁለት ጣቱ ቅጠሉን ያነሣና በኪሱ ይዞ ይመለሳል። ሚስቱ ልብሱን ስታጥብ ኪሱ ውስጥ ያገኘችውን ቅጠል ብትቆጥር ዛፍ ይወጣዋል።

የፈተናው ቀን ጠዋት ጋሽ መጥረጊያ ሜዳ ሲደርስ ጉድ ጠበቀው።

የከተማው ሊቀመንበር ስልሳ የሚሆን ሰው አሰልፎ እየመጣ ነው። ባለሱቁ አለ፣ ልብስ ሰፊዋ አለች፣ አስተማሪው አለ፤ እያንዳንዳቸው እጅ ላይ መጥረጊያ። ምን መጥረጊያ ብቻ! ጭራሮ በሽቦ የተጠፈነገ፣ ልክ እሱ ያስተማራቸው ዓይነት።

"ጋሽ መጥረጊያ!" አለ ሊቀመንበሩ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ። "ብቻህን የምትለፋበት ቀን አለፈ! ሜዳችንን ሊዘጉብን መሆኑን ሰምተናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዛሬ መስታወት አድርገን ነው የምናሳያቸው!"

"አትንኩት!" ብሎ ጮኸ ጋሽ መጥረጊያ።

ሰዉ ሳቀ። ትሕትና መስሏቸዋል። ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያዋን ከትከሻዋ አወረደች። ሰውዬው እያነከሰ ሮጦ ከፊታቸው መጣና ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"አንዲት ጭራሮ ይህን መሬት ብትነካ ጠበኛዬ ናት!"

"ምን ሆነሃል? ከአንተ በቀር ሌላ ሰው መጥረግ አይችልም ማለትህ ነው?" ሊቀመንበሩ ተቆጣ። "ቅጠሉን አታይም? አቧራውን አታይም? ተቆጣጣሪው ይህን ቢያይ ምን ይላል?"

"ይህን ቢያይ ምን ይላል?" አለ ሌላ ድምፅ ከኋላ።

ሁሉም ዞረ። ተቆጣጣሪው ነው። ቀጭን፣ መነጽራም ሰው፤ ከጫማው እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሷል። በረራው ስለቆመ የመጣው በጭነት መኪና ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲንገጫገጭ ወገቡ አልቋል፣ ጠባዩም አልቋል። ደብዳቤውን የጻፈው እሱ ነው።

አሁን ጋሽ መጥረጊያ ሁለት ምርጫ ነበረው። ዝም ብሎ ያስጠርጋቸው፤ የዘጠኝ ቀን ሥራ በግማሽ ሰዓት ይፈርሳል፣ ስሙ ግን ይተርፋል። ወይም እውነቱን በስልሳ ሰውና በዚህ ሰው ፊት ያውጣው። ልጁን አያት፤ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ቀለም የተነከረ ብሩሽ ይዛለች፣ ከንፈሯን ነክሳለች። ያበጠው ይፈንዳ አለ በልቡ።

"ስሙኝ!" አለ። "ፕሮፔለሩን ሲሸርፍ የኖረው ፍየል አይደለም፣ ነፋስም አይደለም። እኔ ነኝ! መጥረጊያዬ ነው! ጠጠሩን የሚይዘውን አፈር ሃያ ሁለት ዓመት እየጠረግሁ ሳወጣ ኖርኩ። ልጄ ናት የደረሰችበት፤ እኔ እንኳ ጮኽኩባት። አሁን አፈሩን መልሰነዋል። ብትጠርጉት መልሳችሁ ትፈቱታላችሁ። እባካችሁ፣ ስወዳችሁ፣ መጥረጊያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ፤ እዚያ ጥረጉ!"

ስልሳ ሰው ስልሳ መጥረጊያ ይዞ እንደቆመ ቀረ። ሊቀመንበሩ መጥረጊያውን ቀስ ብሎ ከጀርባው ደበቀ።

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ጥፋተኛው ራሱ የተናዘዘበት ሜዳ ገጥሞኝ አያውቅም" አለ። "ግን አባት፣ እኔ ኑዛዜ አልመዘግብም። የሚመሰክረው ፕሮፔለሩ ነው። አስነሡ።"

ልጅት የፕሮፔለሩን ጠርዝ ነጭ ቀለም ቀባችው፤ ጠጠር ከነካው ጥቁር ሆኖ እንዲታይ። ካፒቴኑ ወደ ወንዙ ጫፍ ሊወስዳት ሲል ተቆጣጣሪው እጁን አነሣ። "የለም። ከመጋዘኑ ጫፍ። ደግሞ እየተንደረደርክ አይደለም፤ ቆመህ ሙሉ ጉልበት ስጣት፣ እስከ ሠላሳ እስክቆጥር።"

"ቆሜ? ይህንን በአስፋልት ላይ ነው የሚያደርጉት!" አለ ካፒቴኑ።

"ስጣት አልኩ።"

ሞተሩ ጮኸ። በሜዳው ዳር ያለው ሣር ተኛ፤ የሊቀመንበሩ ባርኔጣ በረረ። ጋሽ መጥረጊያ ጆሮውን አልያዘም፤ ያን የሚያውቀውን ካ ካ ካ የሚል ድምፅ ሲጠብቅ ነበር። ድሮ ጠጠሩ የቆርቆሮውን ግድግዳ ሲደበድብ ይሰማው ነበር። አንድ፣ አምስት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ። ግድግዳው ዝም አለ። ሠላሳ! አውሮፕላኗ ተለቀቀች፣ ተንደረደረች፣ ተነሣች።

ዞራ አረፈች። ደግሞ ቆመች፣ ደግሞ ጮኸች፣ ደግሞ ተነሣች። በሦስተኛው ሰዉ መቁጠር ጀመረ፤ በስድስተኛው መጥረጊያ ያልያዘውም ከየቤቱ ወጥቶ መጣ። "ሰባት!" "ስምንት!" ሚስትየው የባሏን ክንድ ይዛ ልትሰብረው ምንም አልቀራትም። "ዘጠኝ!" "አሥር!"

ሞተሩ ጠፋ። ተቆጣጣሪው ማጉያ መነጽር ከኪሱ አወጣና ከፕሮፔለሩ ፊት በርከክ አለ። ከሁለቱ የፕሮፔለሩ ምላሶች የመጀመሪያውን ከሥሩ እስከ ጫፉ አየው። ነጭ። የጠርዙን ጀርባ አየው። ነጭ። ሁለተኛውን ጀመረ፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ቆመ። ራሱን አቀረበ።

"እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ።"

ልጅት ዐይኗን ጨፈነች። ጋሽ መጥረጊያ ጋሪውን ተደገፈ። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች፤ የምስር ፍሬ ታህላለች። አለቀ አለ። ሁሉ ነገር ለዚህች ሆነ አለ።

ተቆጣጣሪው አውራ ጣቱን ላሰና ነጥቧን አሸት አደረጋት። ጣቱን ወደ ብርሃን ያዘው። አየው፣ አገላበጠው።

"ክንፍ አለው" አለ። "ጥንዚዛ ነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይናገረዋል! ሜዳው በሆታ ተደበላለቀ። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን ፍለጋ የሄደበትን ረስቶ ካፒቴኑን አቀፈ። ካፒቴኑ በርሜሉን ሳመ። ሚስትየው እየሳቀች ታለቅሳለች፤ "ውሃው በልኩ ስለነበር ነው! ውሃው በልኩ ስለነበር ነው!" ትላለች ለሚሰማትም ለማይሰማትም። ልጅት ነጭ የተቀባውን ጠርዝ ላይ ታች እጇን እያስኬደች፣ እየደጋገመች አንድም ነገር ጣቷን አልይዝ ቢላት፣ ወደ አባቷ ዞራ "ልስልስ ነው፣ አባዬ!" ብላ ጮኸች። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፣ ነቀነቀ፣ ነቀነቀ።

ተቆጣጣሪው ጋሪው ላይ ተቀምጦ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የሜዳው ሁኔታ፦ ጥሩ። በረራ፦ ይቀጥል። "ለነገሩ እኔም ስመለስ በዚህችው ነው የምሄደው" አለ ወገቡን እየያዘ፤ "ያንን መኪና ዳግመኛ ባየው አለቅሳለሁ።" ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ ወደ ጋሽ መጥረጊያ ተመለከተ።

"አንድ ጥያቄ ቀርቷል። ቅጹ ይጠይቃል። ሜዳው በቀን ስንት ጊዜ ይጠረጋል?"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሰውዬውን አየው። ጋሽ መጥረጊያ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ፤ ደረቱን ነፋ።

"ዜሮ!"

"ዜሮ ብዬ ልጻፍ?"

"ይጻፉ፣ ጌታዬ። በትልቁ ይጻፉት።"